ለድንጋዩ የተቆረጠ ምሰሶ

ባለፈው ቅዳሜ ሴንት ፖል ውስጥ ካሉት የእስያ ገበያዎች በአንዱ ሩዝ ለመግዛት ገብቼ ሳለሁ፣ ከፊቴ ትሄድ ከነበረች ሴት እጅ አንድ የዘይት ጠርሙስ አምልጦ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። ሠራተኛው መጥረጊያና ካርቶን ይዞ እስኪመጣ ድረስ ሽታው መተላለፊያውን ሞላው። ከተቆላ ተልባ ጋር የሚቀራረብ፣ ግን ከእርሱ የከረረ፣ የቅጠል ጠረንም ያለበት ሽታ ነው። ኮሪያውያን ይህን ዘይት ለምግብ ብቻ ሳይሆን ለወለል ወረቀትም እንደሚቀቡት አውቃለሁ። ሩዙን ከነጋሪው እዚያው ትቼ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን አስነሣሁ፤ መልሼ አጠፋሁት፤ እንደገና አስነሣሁት። ወደ ብሩክሊን ፓርክ፣ ወደ ቤቴ የሚወስደውን መንገድ መያዝ ሲገባኝ እጄ መሪውን ወደ ሮዝቪል አዞረው።

ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ ስላለፈ ዘመን መጻፍ የሚያስቅ መሆኑ አይጠፋኝም፤ ወዳጆቼም «አንተ ፀጉርህ ሳይሸብት ወሬህ ሸበተ» ይሉኛል። እኔ ግን የማወራለት ዘመን ከእውነተኛ ርቀቱ በላይ ርቆ ይታየኛል። ያኔ በዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ባቡሩ አልነበረም፤ አሥራ ስድስት ቁጥር አውቶቡስ ነበር፣ በየማዕዘኑ እየቆመ፣ የክረምት ጫማ ያመጣውን ጭቃ በወለሉ ላይ እያንሸራሸረ የሚሄድ። ሴዳር ሪቨርሳይድ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ሁለት ሆነን በተከራየናት ክፍል እኖር ነበር። ከሰልባጅ መደብር በዘጠኝ ዶላር የገዛሁት ጥቁር ረጅም ካፖርት ነበረኝ፤ በእርሱ ላይ ሁልጊዜ ክራቫት አስር ስለነበር የሕንፃው ልጆች «ፓስተር» ይሉኝ ነበር። የአምስት ዶላር የስልክ ካርድ ላይ አርባ ደቂቃ ተብሎ ቢጻፍም፣ ሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ እናቴ ስለ ጎረቤት ማውራት ስትጀምር ይቋረጣል። ከቤተ መጻሕፍት የምዋሰው መጽሐፍ ከከረጢቴ አይጠፋም። የፍልስፍና፣ የታሪክ፣ የግንባታ፣ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ ያነበብሁትንም ሁሉ ያወቅሁት ይመስለኝ ነበር።

በእኛ ሰው አፍ «ፒሲኤ» የሚባለውን ሥራ እሠራ ነበር፤ አቅመ ደካማ ቤት ሄዶ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ምግብ ማሞቅ፣ መድኃኒት በሰዓቱ ማስታወስ ነው። ኤጀንሲው የላከኝ ሮዝቪል፣ ሚስተር ያንግ የሚባሉ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ኮሪያዊ አናጢ ዘንድ ነበር። ቀጭን ናቸው፤ ብዙ ኪስ ያለው ሰደርያና የሱፍ ቆብ ያደርጋሉ፤ ከጆሯቸው ጀርባ ጠፍጣፋ እርሳስ አይጠፋም። በወጣትነታቸው በአገራቸው ቤተ መቅደስና ትልልቅ ቤት ከሚሠራ ጌታ ሥር ሙያ ተምረዋል። ሚኒሶታ መጥተው ግን ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በአንድ ፋብሪካ የወጥ ቤት ቁም ሣጥን ሲሠሩ ኖሩ። ሚስታቸው ሞተዋል። የሚኖሩበት ቤት መኝታው ላይ፣ መታጠቢያው ታች ሆኖ በመካከሉ ዘጠኝ ደረጃ ነበረው፤ በዚያ ደረጃ ወድቀው ክንዳቸው ተሰብሯል። እኔ የተቀጠርሁትም ከዚያ በኋላ ነው።

አንዲት ልጅ ነበራቸው፤ ግሬስ ትባላለች። ሁለት ልጆች ያሏት፣ ቢሮ የምትሠራ፣ ንግግሯ አጭርና ጥርት ያለ ሴት ናት። አባቷን ወደ አረጋውያን መኖሪያ ለማስገባት ወስና ነበር፤ ክፍሉንም አይታለች፤ አልጋ ሁለት፣ መስኮት አንድ። ሚስተር ያንግ እምቢ አሉ። በጓሯቸው ደረጃ የሌለው ቤት እንደሚሠሩና በዚያ እንደሚከርሙ ነገሯት። እንጨቱን ለዓመታት በጓዳቸው ሲያደርቁት ነበር፤ በሮቹንም አንድ ሙሉ የብርድ ወራት ቁጭ ብለው ሠርተው ጨርሰዋል። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ልጅቱ የከተማውን ፈቃድ ራሷ አውጥታ መጣችና በእኔ ፊት እንዲህ አለቻቸው፦

«በረዶ ከመጣሉ በፊት ቤቱ አልቆ ከሞቀ እዚሁ ትከርማለህ። ካላለቀ ግን ዕቃህን እጭናለሁ፤ ያን ጊዜ ክርክር የለም።»

«በረዶ አይቀድመኝም» አሉ።

ያ ቤት ሀኖክ ይባላል፤ የኮሪያ ቤት ማለት ነው። ሁለት ክፍል ብቻ ነበረው። አንዱ ወለሉ ከሥሩ በእሳት የሚሞቅ መኝታ፣ ሌላው ወለሉ ሳንቃ የሆነና ፊቱ የተከፈተ አዳራሽ። ሚስተር ያንግ እንጨት እየላጉ በአጫጭር እንግሊዝኛ፣ እኔም ማታ ማታ ያነበብሁትን እየጨመርሁበት ታሪኩን ለቃቀምሁት። የሞቀው ወለል ከሰሜኑ ብርድ አገር የወረደ፣ የሳንቃው ወለል ደግሞ ከደቡቡ ሙቀት የወጣ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር ተስማምተው እስኪኖሩ ድረስ ትውልድ በትውልድ ላይ አልፏል። ምድጃው ከክፍሉ ውጭ ዝቅ ብሎ ይሠራል። ጭሱ ከወለሉ ሥር በተቆፈሩ ቦዮች ውስጥ ለውስጥ ተጉዞ በወዲያኛው ግድግዳ በኩል በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ በቦዮቹ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በድንጋዩ ላይ ጭቃ፣ በጭቃው ላይ ዘይት የጠጣ ወረቀት ይነጠፋል። ለምድጃው የቀረበው ወለል ከሁሉ ስለሚሞቅ የሽማግሌዎች ቦታ ነው። የጣራው ክፈፍ ርዝመት እንዲሁ በግምት አይቆረጥም፤ በሙቀት ወራት ከላይ የምትመጣውን ፀሐይ እንዲከለክል፣ በብርድ ወራት ዝቅ ብላ የምትመጣውን ግን እስከ ክፍሉ ወገብ ድረስ እንዲያስገባ ተለክቶ ነው። ግድግዳው በምሰሶና በምሰሶ መካከል ማገር ተዋቅሮ ጭድ በገባበት ጭቃ ይመረጋል። ይህን ስሰማ ወንበሬን አስጠጋሁ፤ ማገርና ምርግ የሚሉት ቃላት በሮዝቪል ጓሮ ይፈለጋሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና።

ባለጸጋው በሸክላ፣ የቀረው ሕዝብ በሩዝ ጭድ ይከድን ነበር አሉኝ። በኋላ መንግሥታቸው ጭዱ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው፣ ይነሣ፣ ቆርቆሮ ይምጣ ያለበት ዘመን መጣ። ከመንደር መንደር እየዞሩ ጭዱን እየገፈፉ ቆርቆሮ ከመቱት ወጣቶች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። «ጥሩ ይከፈላል» አሉኝ፤ መላጊያቸውን አስቀምጠው። «ወጣት ነኝ። አዲስ ጫማ ገዛሁ።»

ይህን ዓይነት ቤት የሚሠሩ ሰው አሉ ብዬ በሕንፃችን አሳንሰር ውስጥ ያወራሁት ለጋሽ ተኽለ ነው። ጋሽ ተኽለ አሥመራ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው፣ በወጣትነታቸው ከአንድ ጣሊያን ሥር ግንብ ተምረው፣ አዲስ አበባም ካርቱምም ድንጋይ የጠረቡ ሰው ናቸው። ሚኒያፖሊስ ውስጥ በመኪና ማቆሚያ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ገና ወሬዬን ሳልጨርስ የአሳንሰሩን በር በክንዳቸው ያዙት።

«እሳት ከሥር? ከወለሉ ሥር?»

«አዎ ጋሽ ተኽለ። ጭሱ በድንጋይ ሥር አልፎ በወዲያ ይወጣል።»

«ወይ ጉድ! ታላቅ ወንድሜ'ኮ ኮሪያ ዘምቶ ሲመለስ ይህንኑ ነገረን። ‹ሰዎቹ ምድጃቸው ላይ ነው የሚተኙት› ሲለን አባቴ ሳይቀር ሳቀበት። ሓሳዊ፣ ውሸታም የሚል ስም ወጣለት፤ በዚያው ስም ሞተ'ኮ!»

«እንግዲያ ይምጡና በዓይንዎ ይዩት።»

«በዓይን ምን ይሠራል? ልተኛበት እንጂ!»

በማግስቱ በአሮጌ ቫናቸው ሄድን። የካሴቱ ማጫወቻ አንድ የክራር ካሴት ነክሶ ስለቀረ፣ የአንዱን ገጽ ዘፈኖች ብቻ ደጋግሞ ይጫወታል፤ ያን ጊዜ የሄድንባቸው መንገዶች ሁሉ በእነዚያ አምስት ዘፈኖች የተለኩ ይመስለኛል። ጋሽ ተኽለ ጓሮው እንደገቡ በሸራ ወደ ተሸፈነው የጭቃ ክምር ሄደው ጎንበስ አሉና አሸተቱት። «ቦክቷል» አሉ። ሚስተር ያንግ አማርኛውን ባይሰሙም ፊታቸውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሽማግሌዎች በማይግባቡበት ቋንቋ ተግባቡ። አንዱ «ጉድ» ይላል፤ ሌላው «ኦኬ» ይላል። ጋሽ ተኽለ የቆርቆሮውን ታሪክ ስተረጉምላቸው ሳቁ። «እኛም ዘንድ ቆርቆሮ ሲገባ ሰዉ ጨፈረ በለው። በኋላ ዝናብ ሲመጣ ነው መጮህ የጀመርነው፤ ባልና ሚስት ሳይጣሉ ይጯጯሁ ነበር!» ክፍያ አልተነጋገሩም። ኤጀንሲው ግን ሠራተኛው በደንበኛው ቤት ግንባታ እንዳይነካ፣ ሰውም እንዳያመጣ በጽሑፍ ከልክሎኛል፤ እኔም ፈርሜበታለሁ። ለግሬስም ለማንም አልነገርሁም።

ስሕተታችን የተፈጸመው ቅጠል መቅላት በጀመረበት ሰሞን ነው። ሚስተር ያንግ ሳንባቸው ታምሞ አምስት ቀን ሆስፒታል ተኙ። ከዚያ በፊት ስድስት ጉድጓድ ከብርዱ ጥልቀት በታች ተቆፍሮ በጠጠር ተደልድሏል፤ በየጠጠሩም ላይ አንዳንድ ትልቅ ድንጋይ ተቀምጧል፤ ምሰሶ የሚቆመው በእነርሱ ላይ ነው። ስድስቱ ምሰሶዎች ግን እግራቸው በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ቁጥር ተጽፎባቸው በሸራ ሥር ተኝተዋል። ሚስተር ያንግ ምሰሶዎቹን የሚሠሩት እኔ ሳልደርስ በማለዳ ብቻቸውን ስለነበር፣ በወረቀቱ ውስጥ ያለውን አላየሁም ነበር። ጋሽ ተኽለ በድንጋዮቹ መካከል ተመላልሰው ጠሩኝ።

«ዳዊት ወደይ፣ ልጄ፣ እስቲ እየው ይሄን። ስድስት ድንጋይ፣ ስድስቱም እንደ ኤሊ ጀርባ!»

«ያልተጠረበ የመረጡ ይመስለኛል።»

«መርጦ ነው? ጉልበት አጥቶ ነው እንጂ! ማን አናጢ ነው ጉብ ባለ ድንጋይ ላይ ምሰሶ የሚያቆመው? ሰውየው ለመናገር አፍሮ ነው።»

«ዛሬ ልጠይቃቸው ስለምሄድ ልንገራቸው?»

«ምን ብለህ? ‹አይ፣ አትድከሙ› ነው የሚልህ። የታመመ ሰው ልርዳህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? ሠርቶ መጠበቅ ነው እንጂ!»

ይህ አነጋገር ያደግሁበት ነው። በእኛ ዘንድ ለታመመ ሰው እርሻው ሳይጠየቅ ይታረሳል፤ መጠየቅ ማሳፈር ነው። በዚያ ላይ ከረጢቴ ውስጥ የግንባታ መጽሐፍ ነበር፤ የመጀመሪያው ምዕራፉ መሠረት ሁሉ በውሃ ልክ እኩል መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። መጽሐፉን አውጥቼ ሥዕሉን አሳየኋቸው። ጋሽ ተኽለ የሚፈልጉት ምስክር ይህ ነበር። «እሰይ የተማረ ልጅ!» አሉና ጃኬታቸውን አወለቁ። በማሽን አልነካውም፣ ለእንዲህ ያለ ሰው በእጅ ነው ብለው በመሮና በመዶሻ ሦስት ቀን ጠረቡ። እኔም ውሃ ልኩን ያዝሁላቸው። ስድስቱ ድንጋዮች እንደ ጠረጴዛ ልሙጥና እኩል ሆኑ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ያማረ የድንጋይ ሥራ አይቼ አላውቅም።

ግሬስ አባቷን ከሆስፒታል አምጥታ በሩ ላይ አድርሳ ወደ ሥራዋ ተጣደፈች። ሚስተር ያንግ ክንዴን ይዘው ጓሮ ወጡ። ጋሽ ተኽለ ቆባቸውን አውልቀው እንደ ሙሽራ አባት ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሚስተር ያንግ ወደ መጀመሪያው ድንጋይ ሄደው መዳፋቸውን በላዩ አሳለፉ። ወደ ሁለተኛው ሄዱ፤ ወደ ሦስተኛው። ከዚያ ሸራውን ገልጠው የአንዱን ምሰሶ እግር ከወረቀቱ ፈቱት። እግሩ ጠፍጣፋ አልነበረም። የድንጋዩን ጉብታና ጎድጓዳ ሁሉ ተከትሎ፣ የጥርስ ሐኪም እንደሚወስደው ልክ ሆኖ ተፈልፍሏል። በኮሪያ ቤት ድንጋዩ እንደተገኘ ይቀመጣል፤ የሚቆረጠው እንጨቱ ነው። እያንዳንዱ ምሰሶ ለአንድ ድንጋይ ብቻ ይሠራል፤ ሲገናኙ ያለ ሚስማር፣ ያለ ሲሚንቶ ጸንቶ ይቆማል። ስድስቱ ድንጋዮች ግን አሁን የሉም።

ሚስተር ያንግ ምሰሶውን መልሰው ጠቀለሉት። ወደ ጋሽ ተኽለ ዞረው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። «በጣም ቆንጆ ሥራ» አሉ። ድምፃቸው አልተለወጠም።

ጋሽ ተኽለ ግን የምሰሶውን እግር አይተዋል፤ ግንበኛ ስለሆኑ ማንም ሊያስረዳቸው አላስፈለገም። በጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «ምን አደረግሁ? ዳዊት፣ ምን አደረግሁ እኔ? በሲሚንቶ እመልሰዋለሁ በለው! በዋጋው እገዛለሁ በለው!»

«የምሰሶውን እግር እኩል አድርጎ መቁረጥ አይቻልም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ቤት ያጥራል» አሉ ሚስተር ያንግ። «በር ተሠርቷል። በር አይገባም። ልሙጥ ድንጋይ ደግሞ ውሃ ይይዛል፤ እንጨት ይበሰብሳል። ሌላ ድንጋይ እንፈልግ። ከፍ ያለ።»

እንዲህ ሆኖ በቫኑ ወደ ሰሜን፣ ወደ እርሻዎቹ ሄድን። በዚህ አገር በየእርሻው ዳር ከአፈር የወጣ ድንጋይ ተከምሮ ይኖራል። አንድ ገበሬ ምን ያህል ትፈልጋላችሁ ሲለን ስድስት አልነው፤ ሁሉንም ብትወስዱልኝ ምሳ እጋብዛችኋለሁ ብሎ ሳቀ። ስድስት ለመምረጥ ግን ሦስት ቀን ፈጀን። ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ የሚስተር ያንግን እጅ የሚጠይቅ ነበር፤ እጃቸው ደግሞ ከሆስፒታሉ በኋላ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምሰሶው በድንጋዩ ላይ ቀጥ ብሎ ይያዛል፤ ከዚያ እንደ መቆንጠጫ በተሰነጠቀ ቀርከሃ፣ አንዱ ጫፍ የድንጋዩን ገጽ ሲከተል ሌላው ጫፍ ቀለም ተነክሮ ያንኑ መስመር በእንጨቱ ላይ ይስላል። እጅ ከተንቀጠቀጠ መስመሩ ይዋሻል። ሚስተር ያንግ ሁለት ጊዜ ሞክረው ቀርከሃውን ለጋሽ ተኽለ ሰጧቸው። ሲፈጥኑ ትከሻቸውን መታ ያደርጓቸዋል፤ ሲጫኑ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

«ሃምሳ ዓመት ድንጋይ ስቀጣ ኖሬ» ይላሉ ጋሽ ተኽለ ምላሳቸውን ነክሰው መስመሩን እየተከተሉ፣ «በእርጅናዬ ድንጋይ ልለማመጥ?»

«ምን ይላል?» ይሉኛል ሚስተር ያንግ።

«ድንጋዩን እየለመንሁት ነው ይላሉ።»

«ጥሩ ነው። እንዲለምን በለው።»

የመጀመሪያው ምሰሶ ስድስት ጊዜ ተነሥቶ ስድስት ጊዜ ከተፋቀ በኋላ እጃችንን ለቀቅነው፤ ብቻውን ቆመ። ጋሽ ተኽለ ግራና ቀኝ ዞሩት፤ በጣታቸው ገፉት፤ በመጨረሻ ሳሙት። ስድስቱም እስኪቆሙ ግን ሁለት ሳምንት ተኩል አለፈ። ከሴዳር ሪቨርሳይድ አራት ጎልማሶች ለአንድ እሑድ በደቦ መጥተው ወራጆቹን አነሡ። ሚስተር ያንግ በጣራው አግዳሚ ላይ ዕለቱን በቀለም ጻፉበት። ሸክላ ስላልነበረ በተራራማው አውራጃቸው እንደሚደረገው በእንጨት ሰሌዳ ከደንነው። ምርጉ ተመረገ፤ ቦዮቹ ተቆፈሩ፤ ጠፍጣፋው ድንጋይ ተነጠፈ፤ ጭቃው ፈሰሰበት። ጭቃው ግን በትንሽ በትንሽ እሳት ሦስት ሳምንት መድረቅ ነበረበት። ሳይደርቅ ብዙ እሳት ቢነድበት ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የሚወጣው ጭስም የተኛን ሰው ይገድላል። ቀን እቆጥር ጀመር። በየማለዳው አውቶቡስ ስጠብቅ ሰማዩን አያለሁ፤ የሰው ሬድዮ እሰማለሁ፤ ማታ በምማርበት ኮሌጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ መምህሩ የሚለው አይገባኝም።

በረዶው በዚያ ዓመት ቅጠላቸውን ገና ባላራገፉ ዛፎች ላይ ጣለ። ጠዋት ስደርስ ጓሮው ነጭ ነበር። ሚስተር ያንግ ካፖርታቸውን ደርበው በአዳራሹ ሳንቃ ጫፍ ተቀምጠዋል፤ ጋሽ ተኽለ ምድጃው አጠገብ ጭራሮ ይሰባብራሉ። ወዲያው ግሬስ መጣች። ጋሽ ተኽለ የጎረቤት ሽማግሌ መስለዋት ሰላም አለቻቸው። ወደ መኝታው ገብታ ወለሉን በእጇ ነካችው። እርጥብ ነበር።

«በመስከረም መጨረሻ ምሰሶ ይቆማል ብለኸኝ ነበር» አለች። «ምን ሆነ?»

ሚስተር ያንግ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩአት። «እኔ ተሳሳትሁ» አሉ። «ድንጋዮቹን አስተካከልሁ። ምሰሶውን መቁረጤን ረሳሁት።»

«ረሳሁት?»

«ረሳሁት።»

ለአንድ አናጢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሦስታችንም እናውቅ ነበር። የራሱን ስም እንደመርሳት ነው። ጋሽ ተኽለ ከእንግሊዝኛው ምኑንም አልያዙም፤ የእኔን ፊት ያያሉ። ግሬስ ወደ እኔ ዞረች።

«ዳዊት፣ እንደዚህ ነው የሆነው?»

የፈረምሁት ወረቀት በዓይኔ መጣ። ሥራዬ፣ የክፍሌ ኪራይ፣ ኤጀንሲው፣ ያ ያነበብሁት መጽሐፍ ሥዕል። «እኔ የምሠራው ውስጥ ነው» አልኋት።

አየችኝ። ረዘም ላለ ጊዜ ነው ያየችኝ። ከዚያ «እሺ» ብላ ዕቃ የሚጭን መኪና ለመጥራት ስልኳን አወጣች። በዚያው ሳምንት ሚስተር ያንግ አልጋ ሁለት፣ መስኮት አንድ ወዳለው ክፍል ገቡ፤ ኤጀንሲውም ወደ ሌላ ሰው አዛወረኝ።

ጋሽ ተኽለ ከግሬስ ጋር በስንት ምልክት ተነጋግረው እንደሆነ አላውቅም፣ የጓሮውን ቁልፍ አስፈቀዱና ወለሉን በጸደይ ጨረሱት። ወረቀቱን አነጠፉ፤ ዘይቱን ቀቡት። አንድ እሑድ ግሬስ አባቷን ለጥቂት ሰዓት አመጣቻቸው፤ እሳት ተነደደ። ጋሽ ተኽለ ጫማቸውን አውልቀው ለምድጃው በቀረበው በኩል በጀርባቸው ተኙ። የወንድማቸውን ስም ጠርተው በትግርኛ ይቅርታ ለመኑት። ሚስተር ያንግ ከጎናቸው ተቀምጠው የወለሉን ወረቀት በመዳፋቸው ያሻሹ ነበር። ማምሻውን ተመልሰው ሄዱ። በዚያ ቤት ውስጥ አንድም ቀን አላደሩም።

በአረጋውያኑ መኖሪያ እየሄድሁ እጠይቃቸው ነበር፤ ግን ሳልቀመጥ ቆሜ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ። አንድ ቀን ተናዘዝሁላቸው። ያን ቀን እውነቱን ያልተናገርሁት ለሥራዬ ፈርቼ ነው አልኋቸው። እርሳቸው ብርቱካን እየላጡ ነበር። «ብትናገር ልጄ ተኽለን ታባርር ነበር» አሉኝ። «ማን ይጨርሰው ነበር? ቤቱ ቆሟል። በቃ።» ግማሹን ብርቱካን ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል እንደ ክፍያ ደረሰኝ ይዤ ኖርሁ። እርሳቸው ሞቱ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ጋሽ ተኽለም ሞቱ፤ እኔ አገባሁ፣ ቢሮ ገባሁ፣ ብሩክሊን ፓርክ ቤት ገዛሁ። በዚያ ቃል ግን አንድም ጊዜ እንቅልፍ በደንብ ወስዶኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ በጨዋነት የዋሸልኝ ሰው ሁለተኛ ጊዜ በጨዋነት አልዋሸልኝም ብዬ በምን አምናለሁ?

ቅዳሜ ዕለት ከገበያው ወጥቼ የደረስሁት ሮዝቪል፣ የሚስተር ያንግ ቤት ነው። አሁን ግሬስ እንደምትኖርበት ከሰው ሰምቼ ነበር። በሩን ስትከፍት ፀጉሯ ሸብቶ፣ የአባቷ ዓይነት የሱፍ ቆብ አድርጋ ነበር። ወዲያው አወቀችኝ። ምን እንደምል ሳልሰናዳ እዚያው ደጁ ላይ ሁሉንም ነገርኋት፤ የጋሽ ተኽለን መሮ፣ የእኔን መጽሐፍ፣ ውሃ ልኩን፣ የፈረምሁትን ወረቀት።

ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። «አውቅ ነበር» አለች። «አባቴ በሕይወቱ ድንጋይ ላይ መሮ አሳርፎ አያውቅም። ሲዋሽ ደግሞ እንደዚያ ቀና ብሎ ያየኛል።»

«ታዲያ ለምን ወሰድሻቸው?»

«ሲወድቅ ይደብቀኝ ነበር። አንድ ጊዜ ሁለት ቀን በተሰበረ ክንድ ተቀምጦ ጠብቆኛል።» እጆቿን በሹራቧ ኪስ ከተተች። «ወለሉ በሦስት ሳምንት ይደርቅ ነበር፤ ሦስት ሳምንት እኔ ዘንድ ማሳደር አያቅተኝም። ያን ቀን የጠየቅሁህ ስለ ድንጋዩ አልነበረም ዳዊት። እርሱ ሲዋሽ እውነቱን የሚነግረኝ ሰው አጠገቡ ይኖር እንደሆነ ለማየት ነው።»

በሩን አልዘጋችብኝም። ከኋላዋ፣ በኮሪደሩ ጫፍ ባለው መስኮት በኩል ጓሮው ይታያል፤ ከቤቱ የጭስ ማውጫም ቀጭን ጭስ ይወጣ ነበር።